ሐኪሙ የሰማው፣ መዝገቡ የጻፈው፦ የድምፅ መሣሪያዎችና የአማርኛ የሕክምና ንግግር

መግቢያ

ሐኪም ታካሚውን መርምሮ ከሸኘ በኋላ ሌላ ሥራ ይጠብቀዋል። የሕመሙን ታሪክ፣ የምርመራውን ውጤት፣ የታዘዘውን መድኃኒትና የሚቀጥለውን ቀጠሮ በመዝገብ ማስፈር አለበት። ሥራው የሚፈጀውን ጊዜ በአሜሪካ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በግልጽ አሳይቷል። በአራት ግዛቶች የሚሠሩ 57 ሐኪሞችን ያካተተው ይህ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሐኪሞቹ ከታካሚ ጋር ፊት ለፊት ለሚያሳልፉት ለአንድ ሰዓት ወደ ሁለት የሚጠጋ ተጨማሪ ሰዓት በኤሌክትሮኒክ መዝገብና በጠረጴዛ ሥራ ላይ ያውሉ ነበር።

ይህን ሸክም ለማቃለል በቅርብ ዓመታት በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ የድምፅ መሣሪያዎች ወደ ምርመራ ክፍል ገብተዋል። መሣሪያው የሐኪሙንና የታካሚውን ንግግር ያዳምጣል፤ ከዚያም የሕክምና ማስታወሻውን ረቂቅ ያዘጋጃል። ሐኪሙም ረቂቁን አንብቦ ያርማል፣ ይፈርምበታል። በሰሜን ካሊፎርኒያ የሚገኘው የፐርማነንቴ የሐኪሞች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 መገባደጃ መሣሪያውን ሥራ ላይ ባዋለ ጊዜ፣ በ10 ሳምንታት ውስጥ 3,442 ሐኪሞች በ303,266 የምርመራ ውይይቶች ላይ ተጠቅመውበታል። ነገሩ ከሙከራ ደረጃ ያለፈ ስለ መሆኑ ይህ ቁጥር ብቻውን በቂ ምስክር ነው።

የሐኪም ቁጥር አነስተኛ፣ የታካሚ ሰልፍ ረጅም በሆነባቸው የኢትዮጵያ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች እንዲህ ያለው መሣሪያ የሚሰጠው ጥቅም ከካሊፎርኒያው ሊበልጥ እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ይሁንና በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ የታካሚው ካርድም የሚሞላው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው። ታካሚው ግን ሕመሙን የሚናገረው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሌላ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። ስለዚህ በአማርኛ ምርመራ ላይ የሚውል የድምፅ መሣሪያ ከጸሐፊነቱ በተጨማሪ አስተርጓሚ መሆኑ አይቀርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ ድርብ ሥራ ውስጥ አማርኛ የት የት ላይ ለስህተት እንደሚጋለጥ ማብራራት፣ ስህተቱም እንዴት ሊለካና ሊጠበቅ እንደሚችል ማመልከት ነው።

ሦስቱ እርምጃዎች

አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ሥራውን በሦስት እርምጃ ያከናውናል። በመጀመሪያ ድምፁን ወደ ጽሑፍ ይገለብጣል። ቀጥሎ የተገለበጠውን ንግግር ወደ መዝገቡ ቋንቋ ይመልሳል። በመጨረሻም ከወሬው መካከል ለሕክምና የሚጠቅመውን መርጦ በተለመደው የማስታወሻ ቅርጽ ያደራጃል። በእያንዳንዱ እርምጃ የሚጣል ነገር አለ፤ ሁለተኛው እርምጃ የመጀመሪያው የጣለውን መልሶ ሊያገኘው አይችልም፤ ሦስተኛውም እንዲሁ።

የአማርኛ ንግግር ልየታ ጥናት አዲስ አይደለም። ሰሎሞን ተፈራ አባተ፣ ቮልፍጋንግ ሜንዝልና ባይሩ ታፍላ እ.ኤ.አ. በ2005 ያስተዋወቁት የንግግር ኮርፐስ ከ100 ተናጋሪዎች የተሰበሰበ የ20 ሰዓት ንባብ የያዘ ሲሆን፣ ለተከታዮቹ ጥናቶች መሠረት ሆኗል። ነገር ግን ኮርፐሱ የተዘጋጀው ከዜና ጽሑፍ በተነበበ አማርኛ ነው። የምርመራ ክፍል አማርኛ ከዚህ ይለያል፦ ተናጋሪዎቹ ይደራረባሉ፣ ዐረፍተ ነገሩ በእንጥልጥል ይቀራል፣ ሳልና ልቅሶ ያቋርጠዋል። ሐኪሙ ራሱ «ቢፒው ከፍ ብሏል»፣ «አድሚት ትደረግ»፣ «ሪፈር እንጻፍላቸው» እያለ የእንግሊዝኛ ቃላትን በአማርኛ ምዕላዶች አስሮ ይናገራል። በንባብ የሠለጠነ ሞዴል ይህን ሲሰማ እንግዳ ይሆንበታል።

ፊደል የማይጽፈው ድምፅ

የመጀመሪያው የአደጋ ቦታ የድምፆች መጥበቅና መላላት ነው። አንድ ወጣት ስለ ወንድሙ ሲጠየቅ «ማታ ማታ ይወጋል» ቢል፣ «ወ» እና «ገ» ጠብቀው ከተነገሩ ግሱ ተገብሮ ይሆናል፤ ወንድሙ ማታ ማታ መርፌ ይወስዳል ማለት ነው። ላልተው ከተነገሩ ግን የሚወጋ ሕመም፣ ማለትም ውጋት፣ አለበት ማለት ነው። ተሳቢ አመልካች ታክሎ «ይወጋዋል» ቢባል አሻሚነቱ ይቀንሳል፤ በንግግር ግን ሁልጊዜ አይታከልም። ሁለቱን ትርጉሞች የሚለየው መረጃ በድምፁ ውስጥ አለ፤ ሐኪሙም ያለ ችግር ይሰማዋል። ንግግሩ በግእዝ ፊደል በተገለበጠ ጊዜ ግን መረጃው ይጠፋል። ተርጓሚው ክፍል የሚደርሰው አንድ ዓይነት «ይወጋል» ብቻ ነው፤ የቀረው በግምት ይሞላል።

በዚህ ረገድ የአካባቢው ቋንቋዎች ዕጣ አንድ ዓይነት አይደለም። የኦሮምኛ ቁቤና እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሶማሊኛ የላቲን አጻጻፍ የጠበቀን ተነባቢ ሁለት ጊዜ በመጻፍ ያመለክታሉ። ትግርኛ ደግሞ በግእዝ ፊደል ስለሚጻፍ ችግሩን ከአማርኛ ጋር ይጋራል። ስለሆነም በኦሮምኛ ከጽሑፍ በኋላ የሚተርፍ መረጃ በአማርኛና በትግርኛ ከመንገድ ይቀራል። መፍትሔው ግን ሩቅ አይደለም። ከፊደሉ በላይ የሚደረገው የማጥበቂያ ነጥብ በሰዋስው መጻሕፍት የታወቀ ነው፤ በዩኒኮድም የራሱ ቦታ ተሰጥቶታል። ለመሣሪያው ሥልጠና የሚዘጋጀው ጽሑፍ ቢያንስ በአሻሚ ግሶች ላይ ይህን ምልክት ቢይዝ፣ ድምፁ የተናገረውን ጽሑፉም ይጠብቀዋል።

ከፊደል ውጭ የሚቀር ሌላም ድምፅ አለ። ብዙ የአማርኛ ተናጋሪዎች «አዎ» ለማለት አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ይስባሉ። ሐኪሙ «አክታዎ ደም አለው?» ብሎ ሲጠይቅ ታካሚዋ ትንፋሽ ስባ ዝም ብትል፣ ለአማርኛ ሰሚ ጆሮ መልሱ ሙሉ ነው። ለመሣሪያው ግን ይህ ድምፅ እንደ ተራ ኮሽታ ተቆጥሮ ሊጣል ይችላል፤ በመዝገቡም ጥያቄው መልስ ያላገኘ መስሎ ይቀራል።

ከዚህም የከፋ ሊሆን ይችላል። አሊሰን ኮኔኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2024 ባቀረቡት ጥናት ዊስፐር የተሰኘውን የንግግር መገልበጫ መርምረው፣ ከድምፅ ቅጂዎቹ 1 በመቶ ያህሉ ፈጽሞ ያልተነገሩ ሐረጎች ወይም ሙሉ ዐረፍተ ነገሮች ተጨምረውባቸው አግኝተዋል፤ ከነዚህ ፈጠራዎች 38 በመቶዎቹ ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉ ነበሩ። ፈጠራው ንግግር የሌለበት ቆይታ በበዛባቸው ቅጂዎች ላይ ይበልጥ ታይቷል። ጥናቱ የተካሄደው በእንግሊዝኛ ነው። ይሁንና ዝምታና ትንፋሽ ትርጉም በሚሸከሙበት ንግግር ላይ ዝምታውን በራሱ ቃል የሚሞላ መሣሪያ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ማሰብ ተገቢ ነው።

የታመመው ማን ነው?

በአማርኛ የሕመም ግሶች ታማሚው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤት ሆኖ አይመጣም፤ ተሳቢ ሆኖ በግሱ መጨረሻ ይታሰራል። «ያስለኛል»፣ «ያልበኛል»፣ «ያዞረኛል»፣ «ያቅለሸልሸኛል» እንደሚባለው ነው። እናት ስለ ልጆቿ ስትናገር ወንዱን «ያስለዋል»፣ ሴቷን «ያስላታል» ትላለች። ሁለት ልጆች ይዛ በመጣች እናት ንግግር ውስጥ የታመመውን ከዳነው የሚለየው ይህ ትንሽ ቅጥያ ነው። ቅጥያው በፈጣን ንግግር ከተዋጠ የአንዱ ሕመም በሌላው ካርድ ላይ ይሰፍራል።

አክብሮት ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ጎልማሳ ልጅ ስለ አባቱ «ሌሊት ሌሊት ያስላቸዋል» ሲል ቅጥያው የአክብሮት ነጠላ ነው፤ ቅርጹ ግን ከብዙ ቁጥር አይለይም። መሣሪያው ብዙ ቁጥር አድርጎ ቢተረጉመው መዝገቡ «የቤተሰቡ አባላት ሌሊት ያስላቸዋል» የሚል ትርጉም ይይዛል። የሳንባ ነቀርሳ በሚፈራበት አገር አንድ ሰው ማሳሉና ቤተሰቡ በሙሉ ማሳሉ እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የተገላቢጦሹም ያው ነው፤ በእርግጥ መላው ቤተሰብ እያሳለ መዝገቡ አንድ ሽማግሌን ብቻ ሊጠቅስ ይችላል።

የጾታ ምልክትም ሁልጊዜ ጾታን አያመለክትም። አማርኛ ትንሽ ነገርን በአንስታይ ጾታ ይጠራል፦ «እብጠቷ እያደገች ነው»፣ «ክኒኗን ዋጥኳት»። የእንግሊዝኛ ማስታወሻ የሚጽፍ ሞዴል ይህችን «እሷ» ሰው አድርጎ ቢረዳት፣ በውይይቱ ያልነበረች ሴት በመዝገቡ ውስጥ ትወለዳለች።

አንዲት «ል»

የአማርኛ አሉታ በዋና ዐረፍተ ነገር ከግሱ ፊትና ኋላ ይታሰራል፤ «አልወሰድኩም» የሚለው ቃል «አል» እና «ም» ስላለው አንዱ ባይሰማ ሌላው ይጠቁማል። በጥገኛ ሐረግ ግን «ም» ትቀራለች። እነዚህን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ማነጻጸር ይበቃል፦

«መድኃኒቱን ከወሰድኩ ያመኛል።»
«መድኃኒቱን ካልወሰድኩ ያመኛል።»

በመጀመሪያው መድኃኒቱ ሕመም ያመጣል፤ በሁለተኛው ሕመም ያስታግሳል። የመጀመሪያው መድኃኒቱን ለማቆም፣ ሁለተኛው ለመቀጠል ምክንያት ነው። ልዩነቱን የተሸከሙት በመስተዋድዱ ላይ ያለው አናባቢና አንዲት «ል» ናቸው። ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች ትክክለኛ አማርኛ በመሆናቸው ሞዴሉ በቋንቋ እውቀቱ ብቻ ስህተቱን ሊጠረጥር አይችልም።

ሰዓትና ቀን

የአማርኛ ተናጋሪ ቀኑን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ስዋሂሊም እንዲሁ ስለሆነ ጉዳዩ የምሥራቅ አፍሪካ ጉዳይ ነው። አንድ ቤተሰብ ታማሚውን ከምሽቱ 2 ሰዓት ወደ ሆስፒታል አምጥቶ «ሰባት ሰዓት ላይ እጁ ዛለ፣ አፉም ተጣመመ» ቢል፣ ሕመሙ የጀመረው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ስለሆነ ሰባት ሰዓት አልፎታል። መሣሪያው «ሰባትን» እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ወስዶ የመድረሻውን ጊዜ ከሆስፒታሉ ኮምፒውተር ቢያገኝ ግን፣ በመዝገቡ ላይ የሚታየው ልዩነት የአንድ ሰዓት ይሆናል። በአንጎል የደም ሥር መዘጋት ጊዜ የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በመደበኛነት የሚሰጠው ሕመሙ በጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመድማት አደጋው ከጥቅሙ ሊያመዝን ይችላል። የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት እዚህ ላይ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

የቀን አቆጣጠርም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። ነፍሰ ጡር ሴት የመጨረሻ የወር አበባዋን በጥቅምት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. እንዳየች ብትናገር፣ ቀኑ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 11 ቀን 2024 ነው። ወሩን ብቻ ለውጦ ቁጥሩን እንዳለ የሚተው ትርጉም ኦክቶበር 1 ብሎ ይጽፋል፤ የእርግዝናው ዕድሜም በአሥር ቀን ይገፋል። «የዛሬ ሳምንት» የሚለው ሐረግ ደግሞ ያለፈውንም የሚመጣውንም ሳምንት ሊያመለክት ይችላል፤ የሚለየው በግሱ ነው። ግሱ ባልተጠናቀቀበት ንግግር ውስጥ መሣሪያው ዝም ብሎ አንዱን ይመርጣል።

የሕመም ቃላት

ሦስተኛው እርምጃ የሚመዘነው በታካሚዎች የሕመም አነጋገር ነው። «የወፍ በሽታ» ከወፍ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ዓይንና ቆዳ ቢጫ የሚሆንበት የጉበት ሕመም ነው። «ስኳር አለብኝ» የሚል ሰው ስለ ሻይው አይናገርም። «ምች መታኝ» ለሚለው አባባል በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ አንድ ቁርጥ ያለ አቻ የለም፤ ስለዚህ መዝገቡ ላይ የታካሚው ቃል እንዳለ ቢቀመጥ ይመረጣል። «ሆድ ባሰኝ» እና «ሆዴን ባር ባር አለኝ» ኀዘንንና ሆደ ባሻነትን የሚገልጹ ናቸው። ባሏን በቅርቡ የቀበረች ሴት እንዲህ ስትል መዝገቡ «የሆድ ሕመም ተባብሷል» ብሎ ከጻፈ፣ የድባቴ ምልክት ወደ ጨጓራ መድኃኒት ይመራል።

በተለይ ትኩረት የሚሹት «አለ» እና «አደረገ» ከሚሉት ግሶች ጋር የሚነገሩት ድምፀ ምስል ቃላት ናቸው፦ «ልቤ ትር ትር ይላል»፣ «ጆሮዬ ጭው ይላል»፣ «ጭልም አለብኝ»፣ «እግሬን ድንዝዝ ያደርገኛል»፣ «ቁስሉ ጥዝጥዝ ያደርገኛል»። ሐኪም የሕመሙን ዓይነት፣ ስሜቱ የሚመታ ይሁን የሚያደነዝዝ ወይም የሚያቃጥል፣ የሚለየው በአብዛኛው በእነዚህ ቃላት ነው። በዜና ጽሑፍ ውስጥ ግን እምብዛም አይገኙም። ከዜና የተማረ ሞዴል ስለ ምርጫና ስለ ገበያ ይበልጥ ያውቃል፤ ታካሚው ሕመሙን በትክክል በሚገልጽበት ቦታ ላይ ግን እውቀቱ ያልቃል። ድምፀ ምስል ቃላትን ሰብስቦ ከሕክምና ፍቺያቸው ጋር ማዘጋጀት የቋንቋ ምሁራን ከሐኪሞች ጋር ሊሠሩት የሚገባ ሥራ ነው።

እንዴት ይለካ?

የንግግር ልየታ ብቃት የሚለካው በአብዛኛው በቃላት የስህተት ምጣኔ ነው፤ ከመቶ ቃላት ስንቱ ተሳሳተ ይባላል። በዚህ መለኪያ «እሺ» የሚለው መዝለሉና «ካልወሰድኩ» ወደ «ከወሰድኩ» መለወጡ እኩል አንድ አንድ ስህተት ናቸው። የመጀመሪያው ማንንም አይጎዳም፤ ሁለተኛው መድኃኒት ያስቆማል። በተጨማሪም አንድ የአማርኛ ቃል ባለቤትን፣ ተሳቢን፣ አሉታንና ጊዜን በአንድነት ስለሚይዝ፣ ቃልን እንደ አንድ ክፍል መቁጠር ስህተቱ የት እንዳለ ይሸፍናል። አማካይ ውጤቱ ያማረ መሣሪያ እጅግ አደገኛ በሆኑት ቦታዎች ላይ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ አማካዩ ይህን አይናገርም።

ስለዚህ ከምጣኔው ጎን ለጎን የተለየ የፈተና ዝርዝር ያስፈልጋል። ዝርዝሩ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚለያዩ ዐረፍተ ነገሮችን ይይዛል፦ የጠበቀና የላላ፣ አዎንታና አሉታ፣ «ያስለዋል» እና «ያስላታል»፣ የአክብሮት ነጠላና ብዙ ቁጥር፣ የአገር ቤትና የፈረንጅ ሰዓት። የእያንዳንዱ ክፍል ውጤት ለብቻው ይቀርባል። ተናጋሪዎቹም ከአንድ ቦታ መሆን የለባቸውም፤ የጎጃም፣ የጎንደር፣ የወሎ፣ የመንዝና የአዲስ አበባ አነጋገር፣ አማርኛን ሁለተኛ ቋንቋ አድርገው የሚናገሩ ሰዎችም መካተት አለባቸው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት አምስት ታላላቅ ኩባንያዎች የሠሯቸውን የንግግር መለያዎች ሲመረምር፣ አማካይ የቃላት የስህተት ምጣኔው ለነጮች 0.19፣ ለጥቁር አሜሪካውያን 0.35 ሆኖ አግኝቶታል። አንድ ቋንቋ ተናገሩ ማለት እኩል ይሰማሉ ማለት እንዳልሆነ ከዚህ መማር ይቻላል።

ለፈተናው የሚሆነውን ንግግር ለማግኘት የታካሚን ምሥጢር መንካት አያስፈልግም። በሕክምና ትምህርት እንደሚደረገው፣ ታካሚ ሆነው የሚቀርቡ ፈቃደኞችን ከሐኪሞች ጋር አነጋግሮ መቅዳት ይቻላል። እውነተኛ ምርመራ የሚቀዳ ከሆነ ግን ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. ያወጣችው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን በልዩ ጥንቃቄ ከሚያዙት ወገን ስለሚመድበው፣ ፈቃዱ ታካሚው በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት የተገኘ መሆን ይኖርበታል።

የታካሚው ጆሮ

ሐኪሙ ረቂቁን አንብቦ መፈረሙ የመጨረሻው መከላከያ ነው ይባላል። በእንግሊዝኛ ውይይት ይህ ሊሠራ ይችላል። በአማርኛ ውይይት ግን ሐኪሙ የሚያነበው የተስተካከለ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነው፤ ስህተቱ የተፈጠረበት አማርኛ ከፊቱ የለም። ሰልፉም በበር ላይ ይጠብቃል። በደንብ የተጻፈ ዐረፍተ ነገር እውነት ይመስላል።

ስለዚህ ሁለት ነገሮች አብረው ቢደረጉ ይበጃል። አንደኛ፣ መሣሪያው በአማርኛ የገለበጠው ጽሑፍ ከእንግሊዝኛው ማስታወሻ ጎን ይቀመጥ፤ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገርም ከመነጨበት የአማርኛ ንግግር ጋር ይያያዝ። ሁለተኛ፣ ዋና ዋናዎቹ ነጥቦች በአማርኛ ለታካሚው ይነበቡለት፦ «እማማ፣ ክኒኑን ሲተዉት ነው የሚያምዎት ብዬ ጽፌያለሁ፤ ልክ ነው?»። የሕመሙ ባለቤት ስህተቱን ከማንም ቀድሞ ይሰማል። ይህ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ መሣሪያው ካተረፈው ጊዜ ላይ ግን ሊከፈል የሚችል ዋጋ ነው።

ጉዳዩ በአገር ቤት አይወሰንም። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የድምፅ መሣሪያ በተሠማራባቸው ክሊኒኮች በአስተርጓሚ በኩል ሊታከሙ ይችላሉ። የአሜሪካ መንግሥት የጤና እንክብካቤ ሕጉን ክፍል 1557 ለማስፈጸም እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ደንብ፣ በማሽን የተተረጎመ ወሳኝ ጽሑፍ ብቃት ባለው ሰው እንዲታይ ያዛል። አስተርጓሚ ባልተቀጠረበት የአገር ቤት ክሊኒክ ይህን ኃላፊነት የሚሸከም ሰው አስቀድሞ ካልተሰየመ በስተቀር ማንም አይሸከመውም።

ማጠቃለያ

የድምፅ መሣሪያ ሐኪሙን ከካርዱ አላቅቆ ፊቱን ወደ ታካሚው ሊመልስ ይችላል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የአማርኛ ስህተቶቹ ግን በንግግሩ ላይ እኩል አይበተኑም። ቋንቋው ትልቅ ትርጉም በትንሽ ቅርጽ በሚያስርባቸው ቦታዎች፣ በመጥበቅ፣ በቅጥያ፣ በአሉታ፣ በሰዓት አቆጣጠርና በሕመም ቃላት ላይ ይከማቻሉ። እነዚህ ቦታዎች ለአማርኛ ሰዋስው ተመራማሪዎች አዲስ አይደሉም፤ አዲስ የሆነው ከእንግዲህ መድኃኒት የሚታዘዝባቸው መሆኑ ነው። መሣሪያ የሚገዛ ሆስፒታል «ስንት በመቶ ትክክል ነው?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት «‹ካልወሰድኩ›ን ከ‹ከወሰድኩ› ይለያል ወይ?» ብሎ እንዲጠይቅ የሚያስችለውን ዝርዝር አዘጋጅቶ ማቅረብ የቋንቋ ምሁራን ድርሻ ነው።